ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ

ኮይምብራ ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
መብራት ያልበራበት አንድ መስኮት ሲታይ፣
«ቤቱ ሰው የለውም» ይላል መንገደኛ።
አለ እንጂ፤ ዙልሚራ፣ የስልክ ቤት ሠራተኛ፣
ጡረታ የወጣች፣ ሰባ አንድ የሞላት፣
መብራት ማብራት ድሮም ትዝ የማይላት።

ሠላሳ ሁለት ዓመት በእነዚህ ጣቶቿ
ገመድ እየሰካች፣ ነቅተው ጆሮዎቿ፣
ጠበቃን ከዳኛ፣ አዋላጅን ከምጥ
ስታገናኝ ኖራለች፣ መስመር ሳታቋርጥ።
ዓይን አያሻም ነበር ለዚያ ዓይነቱ ሥራ፤
ቀዳዳው ሁሉ ሲዳሰስ ስሙን የሚጠራ።

ከመስመሩ ማዶ፣ ተራራው ግርጌ ላይ፣
አዴሊኖ ነበር፣ ሌላው ገመድ ሰካይ።
«ደህና ነሽ፣ ኮይምብራ?»
«ደህና፣ ብራጋንሳ።»
ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ ማንም ሌላ ወሬ ሳያነሳ።
አሁን ሰኞ ልቡን ሊከፍቱት ተቀጥሯል፤
«አንዴ እጇን ጨብጬ ልግባ» ብሎ ልኳል።

የመናኸሪያው መስኮት ከመጋቢት ወዲህ ዝግ ነው።
«ሁሉም ነገር በእጅዎ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤
ያነበበችላት ጎረቤቷ ኦታቪያ ናት።
እናም እጇን ዘረጋች።

«ቁልፍ» አላት ስልኩ።
ወደ ቀኝ ሳበችው።
«ቁልፍ።»
ወደ ታች።
«ቁልፍ።»
የምን ቁልፍ? የሳጥን? የካፖርት? የበር?
ቁልፍ ብሎ ዝም! ምን የሚሉት ነገር?
ስሙን የማይናገር በሩን ያንኳኳ እንደሁ፣
ሰው «ማነህ?» ይለዋል፤ ይህን ማን ልበለው?

ቀን መቁጠሪያው ደግሞ ይቆጥራል በጭፍን፦
«አንድ። ሁለት። ሦስት።» የየትኛው ወር? የቱን ቀን?
የተያዘው ወንበር ቀይ፣ ነፃው አረንጓዴ፤
አረንጓዴ ማለት የሚሸተት ነው እንዴ?
ከላይ ጥጉ ላይ ሰዓት ይሮጣል ወደ ኋላ፤
ማንም አልነገራት፤ አሥር ደቂቃው ሞላ።
«ጊዜዎ አልቋል። እንደገና ይጀምሩ።»
ጀመረች። ስም። የአባት ስም። የመታወቂያ ቁጥሩ።
«ስህተት አለ» አላት። የቱ ጋ? አይልም።
ስህተቱ በቀይ ነው፤ ቀይ ደግሞ አይናገርም።

«ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» አላት ሮቦቱ፣
«ድልድይ ያለባቸውን ሥዕሎች ይምረጡ።»
ድልድይ! ከመኝታ ቤቷ ሥር የሚያልፈውን
ከነመጋጠሚያው ታውቀዋለች፤
የዳቦ መኪናው ሲያልፍበት ሁለቴ ይንኳኳል፣
የቆሻሻው መኪና ሲያልፍ አራቴ።
ይህን የሚጽፍበት ሣጥን የለውም ቅጹ።

ደወለች።
ሙዚቃ። ሙዚቃ። ከዚያ የሴት ድምፅ፣ በማር የተለወሰ፦
«ለፈጣን አገልግሎት ድረ ገጻችንን ይጎብኙ።»
ስልክ ቤት ሳለች እንዲህ ያለ መልስ የሰጠ ሰው
በዚያው ሳምንት ወደ ፖስታ መደርደሪያ ይዛወር ነበር።

ሦስተኛው ሌሊት ላይ ተናደደችና
ስም የለሹን ሁሉ ነካችው እንደገና፣
አንዱን፣ ሌላውን፣ ያንን ከጎኑ ያለውን፣
ሳታውቅ የምትገዛውን፣ ሳታውቅ የምትተወውን።
«ክፍያዎ ተፈጽሟል» አላት።
የምን እንደሆነ አልነገራትም።

ዓርብ ንጋት። ሹፌሩ ስልኳን ተቀብሎ አነበበ፦
«አንድ ሰው፣ ብራጋንሳ፣ ሰባት ቁጥር ወንበር፣ በመስኮት...»
ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።
«ጨርሰው እንጂ።»
«...ሙሉ ዕይታ። ተጨማሪ ሁለት ዩሮ ከሃምሳ።»

ከኋላዋ የተሰለፉት ሁሉ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።
ዙልሚራ ግን ሳቀች፣ በትሯን እስኪያወዛውዛት፤
«በል እንግዲህ፣ ከፍዬበታለሁ፤ ምን ይታያል?» ብላ ያዘችው ሹፌሩን።
«ጭጋግ ነው፣ እመቤቴ። ዛሬ ለማንም ምንም አይታይም።»
«ገንዘቤን ይመልሱልኝ ብል
የት ጋ እንደሚጫን ማን ይነግረኛል?»

ሰባት ቁጥር ላይ ተቀምጣ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አሳረፈች።
ይቀዘቅዛል። ሞተሩ በጥርሶቿ ውስጥ ይዘምራል።
ከንፈሯ ሳይሰማ «ደህና ነህ፣ ብራጋንሳ?» ይላል፣
እንደ ድሮው፣ ድምፁ ሻካራ እንዳይሆን።
ኪሷ ውስጥ ስልኩ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣
«ቁልፍ» አለ።
«ይሄኛውን እንኳ አውቀዋለሁ» አለችና
ካፖርቷን ቆለፈች።