ከጆሮ ፊት ያለች ማጠፊያ

ሥራዬ መለካት፣ ማስመሪያ ያዥ ነኝ፤
“ይክፈቱ” ስል ሰው ሁሉ አፉን የሚከፍትልኝ።
በፖርቶ ከተማ፣ በዝናብ ወራት፣
ከወንዙ ማዶ ባለው የጥርስ ሐኪም ቤት፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ በማይገጥም፣
ሰባት ወር ሆነን
የመንጋጋን ድምፅ ስናዳምጥ ስንከርም።

አለች አንዲት ማጠፊያ፣ ከጆሮ ፊት ለፊት፤
ጣት ቢያስጠጉባት፣ አዛግተው ድንገት፣
ከጣት ሥር ሾልካ የምትሄድ ወደፊት።
እንደ በር ዞራ ብቻ አታበቃም እሷ፤
እንደ መሳቢያም ትንሸራተታለች፣ ከነልስልስ ትራሷ።
ትራሷ የሸሸ ’ለት ቀጭ ትላለች፤
እራት ላይ፣ በሰው ፊት፣ ታሳፍራለች።

ዶክተር ፊሎሜና፣ ቁጥር እንጂ ወሬ የማትወድ፣
ስድሳ አራት ሰው ከፍላ በዕጣ መንገድ፣
ለእኩሌታው ሰጠች እውነተኛ የጥርስ ጋሻ፣
ማታ የሚነከስ፣ የማፋጨት ማስታገሻ፤
ለቀሪው አስመሳይ፣ ላንቃ ላይ ተጣብቆ ጥርስ የማይነካ፣
ቀለሙ አንድ ዓይነት፣ ያው በያው የተተካ።
የትኛው የማን ነው? እሷ አታውቅ፣ እኔ አላውቅ፤
ምሥጢሩ ፖስታ ውስጥ፣ ፖስታው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በቁልፍ ጥብቅ።

በዚያ መሃል መጣ አደሪቶ ቫሬላ፣
የማቶዚኞስ ወደብ ዓሣ አጫራች፣ ድምፁ የሞላ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ በርሜል ላይ ቆሞ፣
የሰርዲን ዋጋ ቁልቁል ሲጠራ፣ ምላሱ ካይኑ ቀድሞ፣
“በቃ!” እስኪል ገዥ።
አንድ ቀን ሰሌዳ መጣ፣ ቁጥሩ የሚበራ፤
ገዥ ቁልፍ ይጫናል፤ ማንም ዋጋ አይጠራ።
ሸኙት አጨብጭበው፣ ሸልመው ሰዓት፤
ጥርሱን ማፋጨት ጀመረ ከዚያው ሌሊት።
ሚስቱ ሌላ ክፍል ተኛች፣ “ወፍጮ ቤት ነው አፉ” ብላ፤
እሱም ሾርባ ብቻ፣ በማንኪያ፣ በጎን በኩል እየበላ።

ለካሁት፤ ሃያ ስድስት ሚሊሜትር።
ለሁለት ጣት እንኳ የማይበቃ በር።

ሆድ ይፍጀው ይላል ሰው፤ ሆድ ግን መች ቻለው፣
ያልተባለው ሁሉ መንጋጋ ላይ ነው ያደረው፤
እንዲህ ብዬ ብጽፍ ማስታወሻዬ ዳር፣
ዶክተሯ “ግምት ነው” ብላ ሰረዘችው በቀይ መስመር።

በየሐሙሱ መጣ። ለካሁ። “እንቅልፍስ?” አልኩት።
ከእንቅልፍ ጀምሮ፣ ስለ ነፋስ፣ ስለ አባቱ ጀልባ ሲያወራ
(ፎርሙ ላይ ለዚህ ቦታ የለም) ዝም ብዬ ሰማሁት።
አንድ ቀን የኔኑ ማስመሪያ ከሰባት ዩሮ ቁልቁል አጫረተ፤
ተራ የሚጠብቅ ሁሉ ሳቀ፤ ዙልሚራ እንኳ፣ ሕመሟ እየበረታ፣
ጉንጯን በእጇ ደግፋ፣ “በቃ!” ብላ ተጫወተች።

በአሥረኛው ሐሙስ ሠላሳ ዘጠኝ። ደግሜ ለካሁ።
ሕመሙስ? “ሄዷል” አለኝ። እንዳለ ጻፍሁ።
ዙልሚራ ግን፣ የጓንት ሰፊዋ፣ ከቀጠሮ የማትቀር፣
ያው ናት፤ ፈቅ አላለላትም በር።

ፖስታው ተከፈተ።
ዙልሚራ ናት እውነተኛውን የነከሰች፤
አደሪቶ ላንቃ ላይ ባዶዋ ናት የሰነበተች።
ስድሳ አራቱም ሲደመር ሲካፈል፣ በሁለቱ ወገን መሃል
ያለው ልዩነት ፀጉር ያህል ነው፤ ከፀጉርም ያንሳል።
ዶክተሯ ዝም አለች፤ ቁጥሩን ደጋግማ አየች።
ጉንጯ ላይ ጡንቻ አበጠ፤ ጥርሷን ነክሳ ነበረች።
“እንዳለ ይጻፍ” አለች፤ “ያልፈወሰውን ፈወሰ አንልም።
የፈወሰውን ደግሞ...” ተወችው፤ አልጨረሰችም።

መንገር ግዴታ ነው፤ ሕጉ እንደዚያ ይላል።
የነገርኩት እኔ ነኝ፤ እጄ ላብ በላብ ሆኗል፦
“አፍዎ ውስጥ የነበረው ባዶ ነው፤ ጥርስዎን አልነካም።”
ከሰርዲን ቆርቆሮ ላስቲኩን አወጣ፣ ገለበጠው፤ አልተቆጣም።
“ምንም የማይሠራ፣ ግን የሠራ ዕቃ!
ከአሥር ዩሮ ቁልቁል፣ ማነው የሚለኝ ‘በቃ’?”

ሳቀ፣ አፉን ከፍቶ፣ ላንቃው እስኪታይ።
ማስመሪያዬ ሩቅ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ።
ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ሰባት... ከጆሮው ፊት ለፊት፣
ቀጭ።
አሁንም አለች። እሱ ግን አልሰማት፣
ወይ ሰምቶ ትቷታል።
“አራት” ሲል “በቃ” አልኩት።