የሳፋው ሐይቅ

ሐምሌ ነበር። ጣና ደፍርሶ፣ ነፋሱ አላስወጣ ብሎ፣
ጀልባዬ ሽምብጥ ዳር ታስራ፣ ሆዷ ዝናብ ተቀብሎ።
እቤት ነበርሁ፤ መረብ ስጠግን በሩ ሥር ተቀምጬ፣
የተቀደደውን ቋጥሬ፣ የተረፈውን ክር ቆርጬ።

ልጄ ሐመልማል አምስት ሞላት፤
ዝም ማለት አይሆንላት።

ለመረብ መንሳፈፊያ ብዬ ያጠራቀምሁት ጫማ፣
ማሰሪያው የተበጠሰ፣ የተጣለ፣ የመላው ከተማ፣
በጆንያ ጥግ ቆሞ ነበር፤ አንዱን መዝዛ አወጣች፣
በጠመኔ ሶሉ ላይ ባለ ሦስት እግር ነገር ሣለች።
«ቁረጥልኝ፣ አባ።»
የዓሣ ቢላዬን አነሣሁ፣
የነጩን መስመር ጫፍ ጫፉን ስከተል መረቤን ረሣሁ።
ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።
እኔ የኔታ ዘንድ የሄድሁት ሦስት ቀን ነው በሕይወቴ፤
በአራተኛው ማለዳ መቅዘፊያ አስጨበጠኝ አባቴ።

ሳፋውን በውሃ ሞልታ የቆረጥሁትን ጣለችበት፤
«ሐመሩ ሐ ይባላል፤ ይሄ ነው ስሜ የሚጀምርበት።
ሐመር ደግሞ ጀልባ ነው፣ መምህሯ ነች ያለችኝ።»
ጀልባ ከሆነችማ…
ያን ጊዜ ፊደሏ ገባችኝ።

እስከ ምሳ ስንት ቆረጥን! ከሰማያዊ ሶል በ፣ ከቀይ ሶል ቀ፤
ከበረባሶ የቆረጥነው ጠ ግን ዘቅጦ ተደበቀ።
እናቷ ልብስ ልታጥብ መጥታ ሳፋው ተይዟል ብንላት፣
«በዚህ ክረምት ሐይቅ ያነሰ ይመስል!» ብላ ሳቋ አመለጣት።

«የጠራሁልህን ፊደል በጭልፋ ታወጣለህ፤
ከሳትህ እበላሃለሁ፣ ካገኘህ ትበላኛለህ።»
ቀረሶን ከአምባዛ በጨለማ፣ በክሩ ንዝረት የምለይ ሰው፣
ሳፋ ውስጥ ግን ተሸነፍሁ፤ የምጨልፈው ሁሉ ሌላ ነው።
«ሀ» ስትለኝ ሐን አወጣሁ። «አይደለም! ሀሌታውን!»
«ታዲያ ድምፃቸው አንድ አይደል?»
«እህትማማቾች ናቸዋ፤ ድምፃቸው አንድ፣ ቀሚሳቸው ለየቅል።»

ማታ። መጽሐፍ አለን አንድ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣
ውሃ ገብቶበት ሥዕሉ ሁሉ ግራጫ የመሰለ።
ሁለት ክረምት ሙሉ አንብቤላታለሁ፣ አንብቤ ካሉት፤
ስለ አንድ ጉማሬ ነው፣ ሌሊት ሌሊት ጀልባ ስለሚጎትት።
ያን ማታ ጣቷን አስቀመጠች፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤
«ላ… ም። ላም ይላል እኮ፣ አባ።»
ድምፄ ጉሮሮዬ ደረሰና ተመለሰ።
ጆሮዬ ድረስ ጋልሁ።
«ዓይኔ ነው» ልል ነበር፤ «መብራቱ ነው»፤ ዝም አልሁ።
እሷ ግን ገጹን ገለጠች፣ ደረቴ ላይ ተደገፈች፤
«የዚህኛው ሣር ብቻ ይበላል። ያንተ ይዋኛል» አለች።
«ያንተን አንብብልኝ።»
አነበብሁ።
ጉማሬው በዚያ ምሽት ጠ የሚባል ልጅ ከሳፋ ሥር አወጣ፤
እስኪነጋ ብንቆይ ኖሮ ሌላም ታሪክ በመጣ።

ነሐሴ ሲጋመስ ነፋሱ ረገበ፤ መረቤን ጫንሁ፣
መንሳፈፊያ ጎድሎኝ ስለነበር ፊደሎቿን ተበደርሁ።
ሌሊት፣ የከተማው መብራት ከኋላዬ ሲደክም፣
ክሩን ስስብ፣ ክሩን ስስብ፣ አውራ ጣቴ ሦስት እግር ዳሰሰ።
«ሐ» አልሁ ለውሃው ጮክ ብዬ፤ ማንም የሚያርመኝ የለም።
ከወዲያ፣ ደንገሉ ውስጥ፣ አንድ ጉማሬ አስነጠሰ።