ሦስተኛው ኩርባ

ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ካፊያው ሳያባራ፣
በጓሮ በር ወጣሁ ሳይክሌን ይዤ፣ እንደ ሌባ ተራ፤
እህቴ ረውዳ ከሰማች ቀድማኝ ነው የምትቆመው በር፦
"ወዴት ነው ወንድሜ? በዚህ ዝናብ? በዚህ እግር?"

ይሄ እግር፦
ከጉልበቴ በታች የተሰካው፣
ፕላስቲክና ብረት፣ ሲረጥብ የሚንቋቋው፣
ቁጥር ተጽፎበት፣ መዝገብ ተገልጦ፣ "ተረከብ" ብለው ያስፈረሙኝ፣
እንደ ኮዳ፣ እንደ ብርድ ልብስ፣ ቆጥረው የሰጡኝ።
ያኛውን ሲወስዱት ግን
ማንም አላስፈረመኝ።

ጎሚስታው ነዚፍ ትናንት ማታ
ካላማዳሪ ቆርጦ በመቀስ፣ በዝግታ፣
ለፔዳሉ ማሰሪያ ሠራ፤
ጎትቶ ሞከረና "አሁን አይንሸራተትም" አለኝ በኩራት።
ስለ መውጣት ነበር የመከርነው፤
ስለ መውደቅ
እሱም እኔም አላነሣነው።

ከአዌቱ ድልድይ ማዶ መንገዱ ቀና ማለት ይጀምራል።
ድሮ፣ ባቴ እንደ ጠፍር የተገመደ ጊዜ፣
እስከ ጅሬን ጫፍ ሃያ ስድስት ደቂቃ ነበር፣ እያፏጨሁ አንዳንዴ፤
"ፍየሉ" ይሉኝ ነበር የሰፈር ልጆች።
ዛሬ ሰዓት አላሰርኩም።
ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያለ ያሰለጠነኝ
የአሥር አለቃው ድምፅ ከደረቴ ውስጥ ሲመራኝ፣
ግራዬ "አቤት" ይላል፣
ቀኜ ዝም ይላል።
ግራ፣ ዝም። ግራ፣ ዝም።
ካቴናው ያቃስታል፤ እኔ አላቃስትም።

አንደኛው ኩርባ ላይ እንጨት የተሸከመች ሴት
"አካም ቡልቴ!" አለችኝ፤ ትንፋሽ አጣሁ ለመመለስ።
ሁለተኛው ላይ ጉሬዛ፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ
አራቱንም እንደ ዋዛ እየወረወረ ሲያልፍ፣
ቀናሁበት። እውነቴን ነው፣ በዝንጀሮ ዘመድ ቀናሁ።

ሦስተኛው ኩርባ።
ቀይ ጭቃ፣ የባጃጅ ጎማ ያረሰው፣
የፊት ጎማዬን ይዞ እንደ ወይፈን አንገት ጠመዘዘው።
ወደቅኩ።
ወድቄ ዞር ብል፣ ምን ልይ?
እኔ እዚህ፣ ጭቃው ላይ፣
እግሬ እዚያ፣ ፔዳሉ ላይ!
የነዚፍ ማሰሪያ ቃሉን አላጠፈም፤
ፔዳሉ በክብደቱ ዞረና
እግሬ ብቻውን፣ ያለ እኔ፣ አንድ ዙር ጋልቦ ቆመ።

ሳቅ መጣብኝ።
ያ ሁሉ ኪኒን፣ ያ ሁሉ "አይዞህ" ያላመጣው ሳቅ
ከተቀበረበት ወጣ፣ እንባ እስኪያስረኝ ድረስ፣ ጭቃ ላይ እንደተኛሁ።
አንድ የባጃጅ ልጅ ፍሬን ይዞ ቆመ፣
አፉ ሊስቅ ሲል ፊቱ እየገሠጸው።
"ሳቅ" አልኩት፣ "ዛሬ በነጻ ነው።"
ወርዶ እግሬን ፈታ፤ እንደ ሕፃን
በሁለት እጁ አቅፎ አመጣልኝ።
"ይከብዳል እንዴ?"
"ባዶው ቦታ ነው የሚከብደው።"
"ላድርስህ ታዲያ እላይ?"
"እላይ ይቆየኝ" አልኩት።

ቁልቁለቱን ግን ማን ያካፍለኛል!
ነፋስ በጆሮዬ፣ ዝናብ በጥርሴ፣
ፍሬኑ እየጮኸ፣ እኔ እየጮኽኩ፣
ሁለት ዓመት ሙሉ በክራንች የለካሁትን ከተማ
በአንድ ትንፋሽ ወረድኩበት።

አባቴ አባ ቢያ በረንዳው ላይ በርጩማ ይፈለፍላል፣
ከአንድ ግንድ ሦስት እግር፣ ያለ ሚስማር ያወጣል።
ሆስፒታል ሳለሁ መጥቶ፣ አንድ ቃል ሳይወጣው
የጎደለኝን በስንዝር ለክቶ ነው የሄደው፤
በሳምንቱ የዋንዛ እግር ይዞ መጣ።
አላደረግሁትም። ከበሩ ኋላ ቆሟል እስከ ዛሬ።

ጭቃዬን አየ። መሮውን አላቆመም።
"የቱ ጋ?"
"ሦስተኛው ኩርባ።"
ፍቅፋቂውን እፍ አለና ትንሽ አሰበ።
"እሱማ ቀላሉ ነው" አለኝ፣
"አራተኛው ነው የሚብሰው።"