ወራጅ አለ

ሞተሩን ከአዘዞ ገዛሁት፣ ከተጣለ ሚኒባስ፣
መስታወት ሲያወጣ የኖረ፣ መስታወት ሲመልስ።
ጥርስ በጥርስ ላይ ጨመርሁለት፣
ፍጥነቱን ሸጦ ጉልበት እንዲሸምትበት።
ማዘያው የድንኳን ሸራ ነው፣ ስፌቱ ድርብ ክር፤
መጀመሪያ እኔው ተንጠለጠልሁ፣ እግሬን ከዳው ምድር።
ለካ መነሣት ያስፈራል፣ የሚያነሣህ ዓይን ከሌለው!
ፍጥነቱን ዳግም ቀነስሁ፤
በንድፉ ላይ ምክንያቱ የሚጻፍበት መስመር ባዶ ነው።

ጋሽ ቢያድግልኝ የመተማን መንገድ ሃያ ዓመት ነድቷል።
ልጆቹ በብብቱ ይዘው ሲያነሡት፣ "አደከምኋችሁ" ይላል፤
በቀን ስድስት ጊዜ ይላል።
ለሞተሩ ግን አላለም።

ከአልጋው ተነሣ፤ ሸራው ሲጥ አለ፤
መሀል ላይ ሲደርስ፣ ድንገት፣ "ወራጅ አለ!" አለ።
ደንግጬ አቆምሁ።
ከመስኮቱ ማዶ፣ ወደ አንገረብ የሚወርደው ጥምዝ፣
አንድ አይሱዙ፣ በከባድ ማርሽ፣ ጭድ ሲያግዝ።
ስምንት ወር ሙሉ ያየው ኮርኒስ ነበር።
በኔ ንድፍ አልጋ አለ፣ ወንበር አለ፤
መሀሉ ማለፊያ ብቻ ነበር።

ዛሬ ሦስተኛ ቁልፍ ገጠምሁ፣ ቢጫ።
(ጎንደር መብራት ሲጠፋ በእጅ የሚዞር ዘንግም አለው፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።)
ትንሹ ልጅ በእስክሪብቶ "ወራጅ" ብሎ ጻፈበት፤
ፊደሉ ተንጋዷል። እንዳለ ተውሁት።