የተረፈ ትንፋሽ

ኤርሚኒዩ፣
ኦቦህን ግራሳ በፌስታል ጠቅልላ ይዛ መጣች ማታ፣
ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከሽንኩርቱ አጠገብ አኖረችው፤ ቆማ አንድ አፍታ
“እቤት ቢቀመጥ ነቀዝ ይበላዋል” ብላ ሄደች በዝምታ።

ቫልዴማርም አለ፦ “ለነሐሴው ዑደት ኦቦ የሚነፋ የለንም፤
ዴኦሊንዳ፣ አንቺ ጣት አለሽ፣ ሳንባም።”
ጣትና ሳንባ አለ እንጂ፣ ከንፈር አላለም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ክላሪኔት የለመደ ከንፈር
እንደ ቡሽ ፋብሪካችን መቁረጫ ነው፤ አይሰማም ሌላ ነገር።
የታችኛው ጥርሱን ይሸፍናል፣ አገጭ ይወጠራል፣
የላይኛው ጥርስ ከአፉ ላይ ያርፋል፤
እንዲህ ተማርኩ፣ እንዲህ ኖርኩ።

ያንተ ግን ሁለቱንም ከንፈር ይሻል ወደ ውስጥ ታጥፎ፣
እንደ አሮጊት አፍ ጥርሱ ረግፎ፤
ከገለባ የቀጠነች ሸምበቆ፣ በክር ጥንድ ሆና ታስራ፣
ካጠበቅኋት ትታነቃለች፤ ካላላኋት ወሬዋ ከዳክዬ ጋራ።

“በሁለት ቢላዋ ልትበላ ነው” አለ አዴሊኑ ከትሮምቦኑ ኋላ።
ሳቅሁ።
በሐምሌ ግን፣ ልምምድ ላይ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የማውቃት የራሴ ዜማ
ከላይኛው ድምፅ ስትደርስ ተሰነጠቀች፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰማ።
ከዚያ በፊት አንድ ሰዓት ሙሉ ያንተን ስነፋ ቆይቼ ነበር።
አገጬ ተጨማዶ ነበር እንደ ኮክ ፍሬ፤
ማታ በመስታወት አፌን ከፍቼ አየሁት፣ ለገበያ እንደቀረበ በሬ።

ፈራሁ። የሠላሳ አንድ ዓመት ሀብት በአንድ ሰዓት ይሰረቃል?
የነበረኝን ጥዬ ያልነበረኝን ሳልይዝ ብቀርስ? ማን ያውቃል።

ኢልዳ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከፖርቶ በአውቶቡስ የምትመጣዋ ልጅ፣
አልገሠጸችኝም። “ሁለቱንም ውደጂ፤
አንዱን በሌላው ጓዳ አታሳድሪ እንጂ።”
ጠዋት ክላሪኔት፣ ረጅም ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ በመስታወት ፊት፤
ኦቦ ከሥራ መልስ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ተለክቶ እንደ መድኃኒት፤
በመካከል ውኃ፣ ምሳ፣ የፋብሪካ ፈረቃ፤
ከንፈር ሲዝል ማቆም፤ ዜማው ያምራል ብሎ መቀጠል የለም፣ በቃ።

ጣትም ይዋሻል፣ ታውቀው ይሆን?
ያው አውራ ጣት፣ ያው ቁልፍ፤ በእኔው አሥራ ሁለት ደረጃ ይዘላል፣
በአንተው ስምንት ላይ ያርፋል፤
ደረጃው ሌሊት እንደተለወጠበት ቤት፣ እግሬ አየር ይረግጣል።

ስለ ትንፋሹ ግን ማንም አልነገረኝም።
እኔ የማውቀው ማለቅን ነው።
ክላሪኔት ይጠጣኛል፤ ሐረጉ ሳይዘጋ ባዶዬን ያስቀረኛል።
ያንተው ጠብታ ይቀምስና ይበቃዋል፤
የቀረው ደረቴ ውስጥ ይሻግታል፣
ሞልቼ እታፈናለሁ።
“ከመሳብሽ በፊት አስወጪ” አለች ኢልዳ።
“መጀመሪያ የተረፈውን።”

ለካ ይህ ነበር፣ ኤርሚኒዩ!
ሃያ ዓመት አጠገቤ ተቀምጠህ፣
በየሐረጉ ጫፍ “እፍ” ስትል እሰማህ ነበር።
የደከመህ መስሎኝ፣
ሳንባውን ይታይ ብዬ ለግራሳ ነግሬያት አውቃለሁ፤
እሷም አምናኝ ሐኪም ጋር ወስዳሃለች።

ለነሐሴው ዑደት በክላሪኔት ወጣሁ፤ ኦቦው ቤት ዋለ።
ቫልዴማር አኮረፈ። “ለገና እናያለን” አልኩት፤ “ገናም ሩቅ ነው” አለ።
ዜማዬ ተመልሳለች፣ ከሞላ ጎደል፤
አንዳንድ ጠዋት ግን አገጬ ይጠይቀኛል፦ ዛሬ የማን ነኝ?

ዛሬ ሐሙስ ነው። ሃያ ደቂቃዬ አልቋል።
የመጋጠሚያው ቡሽ ተበልቶ ነበር፤
ከፋብሪካ ቁራጭ አምጥቼ በምላጭ ላጥሁና ለበጥሁለት።
ሸምበቆ የራሴን ገዛሁ።
ከሳጥንህ ውስጥ ያገኘኋትን፣ ቀይ ክር የተጠመጠመባትን፣
አላረጠብኳትም።