ተገልብጣ የተለጠፈችው

እኔ ኩስቶዲዮ ነኝ፣ ሴራሚክ ለጣፊ፣
የሰው ቤት አሳማሪ፣ በሰው ቤት አላፊ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በፖርቶ ከተማ
ግድግዳ አቀናሁኝ ቱምቢዬን ስሰማ።
ለቱምቢ እንጂ ለሰው አልሰጥም ነበር ጆሮ፤
የጠመመ መስመር ያመኛል ቆርቁሮ።

የሆቴል አዳራሽ፣ የዓሣ ገበታ፣
የጥርስ ሐኪም ቤት፣ የገዳም መኝታ፣
ሰማያዊ መርከብ፣ ሰማያዊ ቅዱሳን፣
ስንቱን ደርድሬያለሁ ሳላጓድል ሚዛን።

ባለፈው ኅዳር ነው፣ ዱሮ ወንዝ ሲደፈርስ፣
ኦዲሊያ ደወለች፣ «ቶሎ ና፣ እንጨርስ።»
ንድፍ አውጪ ናት እሷ፣ በጭቃ ታስባለች፤
ባዶ ግድግዳ ላይ ፊት ተስሎ ታያለች።
ሳጥኑን ከፈተች፦
«አበባ የለበት፣ መርከብም የለበት፤
ነጭ ነው፣ በቃ፤ ይልቅ እጅህን ጣልበት።»

ጣልኩበት።
አንዱ ላይ የስንዴ ዛላ፣
አንዱ ላይ ማዕበል፣
ሌላው ላይ ጭረት ብቻ፣ እንደ ታረሰ መሬት፤
ከሚያብረቀርቀው ቅብ ሥር ያበጠ፣ የጎደጎደ።
ጣቴ ከዓይኔ ቀድሞ ሄደ።

የቤቱ እመቤት፣ ወይዘሮ ፌሊስቤላ፣
ዓይኗን ከዳር ጀምሮ እየበላው ጥላ፣
ዓለም በቁልፍ ቀዳዳ ልክ ተርፋላት፣
ያቺም ወር በገባ ትንሽ ስትዘጋባት።
ኮሪደሯ ረጅም፣ አሥራ አንድ እርምጃ፣
ከመኝታ ክፍሏ እስከ ማዕድ ቤት ምድጃ፤
በግራ መታጠቢያ፣ በቀኝ ቁልቁል ደረጃ፤
ደረጃው ነው ክፉው፣ የማያውቅ ምልጃ።

ኦዲሊያ አሰበች፦ ግድግዳው ይናገር፤
ስንዴው ወደ ዳቦ፣ ማዕበል ወደ ገላ መታጠቢያው በር፣
ጭረቱ ከደረጃው አፍ፣ እንደ አገር ድንበር።

ሦስት ቀን ለጠፍኩኝ፣ በወገብ ከፍታ፣
በግራም በቀኝም፣ ከማለዳ እስከ ማታ፣
የውሃ ልኬ አረፋ መሃል ላይ ተኝታ።

በአራተኛው ቀን ግን ኦዲሊያ ዞራ ዞራ
ዘጠነኛዋ ጋ ቆመች ተገትራ፦
«ኩስቶዲዮ፣ ስንዴው ቁልቁል ነው የበቀለው!»
እውነትም። ሥሩ ወደ ሰማይ፣ ዛላው ወደ መሬት ነው ያለው።
ምን እንደ ሆነ አውቃለሁ፣ ባልናገርም ነበር፦
ያን ሰዓት ከልጄ ጋር በስልክ ስከራከር
ስልኩ በትከሻዬ፣ ሸክላዋ በእጄ ነበር።

ሠላሳ ዓመት!
መሮና መዶሻ አነሳሁ፣
ፊቴ እንደ ጡብ እየቀላ።
«ቆይ!» አለች ፌሊስቤላ።

ከክፍሏ ብቅ አለች፣ ግራ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ፣
ስንዴ፣ ስንዴ፣ ስንዴ፣
ቀስ ብላ፣ እንደሚያነብ ሰው።
ዘጠነኛዋ ላይ እጇ ቆመ።
ተመለሰ። ደገመ።

«እኔ» አለች፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት በፖስታ ቤት
ደብዳቤ ስለይ ነው ያነጋሁት ሌሊት።
በደንብ የተጻፈው በእጄ ሾልኮ አለፈ፤
እጄን ያስቆመው ግን አድራሻው የተዛነፈ።
ስንዴህ ሁሉ አንድ ነው፣ ስቆጥር እሳሳታለሁ፤
የዚህች ጢም መዳፌን ሲወጋኝ፣ ‹በሩ ደረሰ› እላለሁ።
ተዋት።»

ኦዲሊያ ዝም አለች።
ኋላ ደብተሯን አውጥታ አንድ ነገር ጻፈች፤
ምን እንደ ሆነ አላሳየችኝም።
«ለዘጠነኛዋ ዋጋ አልጠይቅም» ብል፣
ፌሊስቤላ ሳቀች፦
«ለእሷማ እጥፍ ነው የምትወስደው።»

ማታ ቤቴ ገባሁ። የኮሪደሬ አምፖል ተቃጥሏል።
መዳፌን በገዛ ግድግዳዬ ላይ አሳረፍኩ፤
እኔው የለጠፍኩት፣ ጥርት ያለ፣ ልስልስ፣
አንድ እንከን የሌለበት፣
ከዳር እስከ ዳር ውሃ ልክ።
ዳበስኩት፣ ዳበስኩት፤
የት እንደ ቆምኩ አልነገረኝም።