ማሶዚ ድንኳን ስትዘጋ

ሉዋንግዋ ወንዝ ዳር፣ ጨለማው ሲከብድ፣
ማሶዚ ከፊቴ፣ ባትሪዋ ከመንገድ፤
የጉማሬን ዱካ በእግሯ ጫፍ ለክታ፣
"በዚህ ዙር" አለችኝ፣ ወንዙን ለእሱ ትታ።

ጫማዬን ገልብጣ ነቀነቀችው፤
ጊንጥ ዱብ። በእንጨት ሣር ውስጥ አራቀችው።

"አንበሳስ?" አልኳት፣ ጉሮሮዬ ደርቆ።
"አንበሳ ጨዋ ነው፤ ይመጣል አስታውቆ፤
ሲያገሳ ትሰማለህ፣ ትገባለህ ቤትህ።
የወባውን ኪኒን ዋጥህ ወይ ከራትህ?"

አጎበሩን ዘርግታ፣ ጠርዙን ከፍራሽ ስር፣
እንደ ሕፃን ጥቅል ስትሸጉጥ፣ ስትቋጥር፣
"ወንድሜን…" አለችና ዝም አለች ጥቂት።
"አንበሳ አልነበረም። ቢምቢ ናት፤ አንዲት።"

ዚፑን እስከ መሬት ስባ ዘጋችልኝ።

ስሟን ቀን ጠይቄ፣ "እንባ ማለት" ስትለኝ፣
ስቄ ነበር።
ማታ፣ ኪኒኑን በደረቁ ዋጥኩኝ።